በሁለቱም በር ያለው ጎሜ

አምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው፣ ሆዴ ቀበቶዬን አልፎ መውጣቱን ከእኔ በቀር ሁሉም ሰው ባየበት ወቅት፣ ሁለት በር ያላት ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና ገዛሁ። ጊዜው የሰማንያዎቹ ዓመታት መገባደጃ ነው። ያኔ አርባ ምንጭ ውስጥ መኪና ማለት ወይ የመንግሥት ነው፣ ወይ ሙዝ ይጭናል። የኔዋ ከሁለቱም ወገን አልነበረችም። የሸጠልኝ ፈረንጅ የመንገድ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ቁልፉን እጄ ላይ አኑሮ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አድናቆት መስሎኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው የሐዘን ነው።

ባለቤቴ ዞር ዞር ብላ አየቻትና፣ «አንተዬ፣ መኪና ገዛሁ ያልከኝ መስሎኝ ነበር። ጫማ ነው እንዴ የገዛኸው?» አለች።

አልተሳሳተችም። እግሬን አስቀድሜ፣ ሆዴን ስቤ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ነበር የማጠልቃት። ስወጣ ደግሞ አንድ ሰው ከውጭ እጄን መያዝ ነበረበት። የሚይዝ ሰው ካጣሁ ስልክ የምጠብቅ መስዬ እቀመጣለሁ፤ በመኪና ውስጥ ስልክ በሌለበት ዘመን።

የዚህች መኪና ነውሯ ድምፅዋ ነበር። ሞተሯን ማለቴ አይደለም። ሞተሯማ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን ስትይዝ ላይኛው ከተማ ያለ ሰው ምሳውን አቋርጦ ብቅ ይል ነበር። ነውሩ ቴፑ ላይ ነው። በሁለቱ በሮች ውስጥ ያሉት እስፒከሮች አርጅተው ነበር። እስፒከር መሃሉ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን ዙሪያውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ስስ ጎማ አለ። ያንን ጎማ የአርባ ምንጭ ፀሐይ አድርቆ፣ ሰነጣጥቆ ጨርሶታል። የትኛውም ዘፋኝ እኔ መኪና ውስጥ ከገባ ጉንፋን ይይዘዋል።

አዳዲስ እስፒከሮች አልነበሩኝም እንዳይባል፣ ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ልኮልኝ ቁም ሳጥን ላይ ከነካርቶናቸው አቧራ ሲጠጡ ከርመዋል። ባለቤቴ «ባለሙያ ጋ ውሰዳቸው» ስትለኝ «ለሁለት ሽቦ?» እላለሁ። «እንግዲያው አንተ ሥራቸው» ስትለኝ «ሲመቸኝ» እላለሁ። እንዲህ ስንባባል ክረምቱ አልፎ በጋ ገባ።

በዚያ በጋ የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጡ ተባለ። ሆስፒታሉ ውስጥ ለጥቂት ቀን ብቻ ቆይተው የዓይን ሞራ የጋረደውን ሰው ቀዶ ሕክምና አድርገው ይመለሳሉ። ተመልሰው መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ተቀምጣበት ከነበረው ተነሣች። ጨንቻ ያሉት እናቷ አንዱ ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፍቶ ሁለተኛውም በመከተል ላይ ነበር። ፈትላቸውን በጣታቸው ብቻ ነበር የሚፈትሉት። የልጃቸውን ፊት ሲፈልጉም በጣታቸው።

«እኔ አመጣቸዋለሁ» አልኩ።

«በምን?»

«በመኪናዬ ነዋ!»

የጨንቻ መንገድ ያኔ በቅሎ እንኳ አስባ ነበር የምትሄድበት። የኔ መኪና ደግሞ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር አይርቅም፤ በዚህ በኩል ብቻ ከኔ ጋር አንመሳሰልም። ግን ወጣሁ። እያንዳንዱን ድንጋይ በስሙ እየጠራሁ፣ እየለመንኩ፣ ወጣሁ። አማቴን ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው። ደግፌ ሳስገባቸው ወንበሩ እየራቀባቸው ወርደው ወርደው ሲቀመጡ፣ «መሬት ላይ አስቀመጥከኝ?» አሉ።

«ወንበር ነው እማማ።»

«የወንበሩን እግር ማን ወሰደው?»

ስንወርድ ዶርዜን እንዳለፍን ደስታዬ አላስችል ብሎኝ ቴፑን ከፈትኩ። በሮቹ ይንዘረዘሩ ጀመር። አማቴ ጆሯቸውን ቀና አደረጉ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የቱ?»

«እሱ፣ የሚንዘረዘረው።»

«እ፣ እሱ ጎማ ነው። አይጨነቁ።»

«ጎሜ?»

አነጋገራቸው መሰለኝ። አማቴ አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ፣ ገበያ ላይ ነው። አንዳንድ ቃል ሲያጣምሙ አላርማቸውም። ሲናደዱ «አንቺ» እያሉ ሴት ያደርጉኛል፤ እኔም በጋሞኛ አፌን ስከፍት የማደርገውን እግዜር ይወቀው፣ ተቻችለን ነው የኖርነው። ስለዚህ በጨዋ ደንብ የሳቸውን ቃል ተቀበልኩ።

«አዎ፣ ጎሜ» አልኩ።

ጎሜ የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ጋሞ አግብቶ ጎሜን ያልሰማ የለም። ግን የመኪና በር ውስጥ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ።

«ቆይቷል። ስገዛትም ነበረባት።»

«እያወቅህ?»

«እያወቅሁ እንጂ! እኔ መኪና አላውቅም እንዴ?»

«የት ነው ያለው?»

«በሁለቱም በር። በእርስዎ በኩል ያለው ይብሳል።»

አማቴ ክንዳቸውን ከበሩ ላይ አነሱ።

«ሰው ያውቃል?»

«ከተማው ሁሉ ያውቃል። ይስቁብኛል።»

«አንተስ ዝም አልክ?»

«ሲመቸኝ አወጣዋለሁ። ምን ያስቸኩላል? ሰው አልገደለ!»

ከዚያ በኋላ እስከ አርባ ምንጭ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሙዚቃው ጥሟቸው ነው ብዬ ድምፁን ጨመርኩላቸው።

ቤት ደረስን፤ ባለቤቴ እናቷን አቅፋ አስገባች፤ እግራቸውን አጠበች። ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንደሚገቡ ስትነግራቸው አማቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «አልሄድም» አሉ።

«እማዬ? ምን ሆንሽ?»

«ባልሽ ጎሜ አለበት። ራሱ ነግሮኛል። እያወቀ ይዞት ይኖራል። እኔ ጎሜ ካለበት ቤት ተነሥቼ ዓይኔን ለቢላ አልሰጥም።»

ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በጋሞ ዘንድ ሰው የማይገባ ነገር ሠርቶ፣ ሳይናገርና ሳይታረቅ ከተቀመጠ ያ ነገር ጎሜ ይሆናል። ጎሜ ደግሞ ባለቤቱን ብቻ አይዝም፤ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ቤተ ዘመዱን ይነካል። መፍትሔው አንድ ነው፤ ሽማግሌ ፊት አውጥቶ መናገር። አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው፣ ጾም አይሽሩም። ይህ ግን ሌላ መዝገብ ነው።

ባለቤቴ ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝ። «ምን አድርገህ ነው?»

«ምንም!»

«ለእናቴ ነግረሃታል፤ ለኔ ትደብቃለህ?»

ሌላ ምን ይደረግ፣ የአማቴ ወንድም ከሲቀላ ተጠርተው መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳያስፈልግ የማይስቁ ሽማግሌ ናቸው። እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ነበር የገቡት። እርጥብ ሳር በጋሞ የእርቅ ምልክት ነው፤ ሽማግሌ ይዞት ከገባ ቀልድ የለም። ባለጌ መሆኔን የማውቀው እኔ እንኳ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ።

«በል ልጄ፣ ያለብህን አውጣ» አሉ።

ምን ላውጣ? ለአማቴ ዓይን ስል ግን የሌለኝንም ለማምጣት ቆርጫለሁ። «ጋሼ፣ በጾም ዓሣ መስሎኝ ሥጋ በልቻለሁ» አልኩ።

«መስሎህ?»

«ትንሽ ጠርጥሬ ነበር።»

«ይሄ የንስሐ አባትህ ጉዳይ ነው። ሌላ።»

«የጎረቤት ዶሮ ገጭቼ ገድያለሁ።»

«ይቅርታ ጠየቅህ?»

«ጠይቄያለሁ። ወጡንም አብረን በልተናል።»

«እንግዲያ ታርቃችኋል። ሌላ።»

«ለጋብቻ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ዕድሜዬን ቀንሼ ነበር።»

አማቴ ከጥግ ሆነው፣ «እሱንማ ያኔም አውቀናል» አሉ።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ይህ ሰው ቂል ነው እንጂ ጎሜ አላየሁበትም» አሉ ወደ እኅታቸው ዞረው። ከዚያ ግንባራቸው ተቋጠረ። «ግን በሁለቱም በር አለ ብለሃል አሉ። ምንድን ነው በር ውስጥ የደበቅኸው?»

«የየትኛው በር?»

«የመኪናህ በር!» አሉ አማቴ። «በኔ በኩል ያለው ይብሳል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ያኔ ገባኝ። «ጎማ!» አልኩ። «ጎማ ነው ያልኩት! የእስፒከሩ ጎማ!»

ባለቤቴ መጀመሪያ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ቀጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ቀጥሎ እንባዋን መጥረግ ያዘች። ሳቅ ነው። ሽማግሌውም ሳሩን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው ግን ይነቃነቅ ነበር።

ያልሳቁት አማቴ ብቻ ናቸው።

«አሳየኝ» አሉ።

ሮጬ ወጥቼ በቀኝ በኩል ያለውን አሮጌ እስፒከር ነቅዬ አመጣሁና እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። ሲፈትሉ በኖሩት ጣቶቻቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። ጎማው እየተፈረፈረ ጋቢያቸው ላይ ረገፈ።

«ሞቷል» አሉ።

«ሞቷል እማማ።»

«አወቅህና ተውከው።»

«አዎ።»

«እንግዲህ ጎማም በለው ጎሜ፣ ምን ለየው?» ጣታቸው የተቀደደውን ወረቀት ሲያሻሽ ቆየ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የኔንም ዓይን እንዲሁ ነው አሉ የሚያደርጉት?»

ባለቤቴ ሳቋን ውጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አዎ እማዬ። የጋረደሽን አውጥተው በቦታው አዲስ ይተኩልሻል።»

«አውጥተው ሲያበቁ አዲሱ አልገባ ቢልስ?»

ሽማግሌው ወንድማቸው አንገታቸውን ደፉ። እስካሁን ጎሜ ጎሜ ስንል የዋልነው ነገር ከሥሩ ምን እንዳለበት ሁላችንም በአንድ ጊዜ አየነው። አሮጊቷ ፈርተዋል። ይህን ደግሞ ወንድማቸው ፊት በዚህ ስም አይጠሩትም።

«እሱ ያድርግ» አሉ አማቴ አገጫቸውን ወደ እኔ እያመለከቱ። «ዛሬ ይህን አውጥቶ አዲሱን ይተካ። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ከዳነ፣ ነገ እሄዳለሁ።»

«እማዬ! እሱ? ባለሙያ እንጥራ፣ ሲቀላ አንድ ጎበዝ…»

«አይሆንም። ያመጣው ራሱ ያውጣው።»

ባለቤቴ ደጅ ድረስ ተከትላኝ ወጣች። ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል አልቀረም። «የእናቴ ዓይን እጅህ ላይ ነው» አለችኝ። «እባክህ እንደ በረንዳው መብራት እንዳታደርገው።» የበረንዳው መብራት እኔ ከጠገንኩት ጀምሮ ሬዲዮ ሲከፈት ብቻ ነበር የሚበራው።

እኔ ግን አልፈራሁም። የቂልነት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲሸበር አንተ ካቻቢቴህን እየፈለግህ ታፏጫለህ። መኪናዋን ማንጎው ሥር አቆምኳት፤ አማቴ በርጩማ ወጣላቸውና ከነወንድማቸው ተቀመጡ። ሐኪም ታካሚው አፍጥጦበት ሲሠራ ምን እንደሚሰማው ያን ቀን አወቅሁ። ይቺ ታካሚ ደግሞ አፍጥጣ ሳይሆን ጆሯን አቁማ ነው።

የበሩን የውስጥ ሽፋን ስፈታ ብሎኖቹ ዝገው እንቢ አሉኝ። ዘይት አጠጣኋቸው፤ ታገልኩ፤ ወጡ። ሽፋኑ ሲነሣ ከበሩ ሆድ ውስጥ የማንጎ ቅጠል፣ የደረቀ ጉንዳንና የፈረንጁ አንድ የፀሐይ መነጽር ወጣ። አዲሱን እስፒከር ባስጠጋው ከቀዳዳው አነሰ። ዙሪያው የጣት ያህል ክፍት ቀረ፤ ብለቀው ወደ ውስጥ ይወድቃል።

«ምን ሆነ?» አሉ አማቴ። ዝምታዬን ሰምተውታል።

«ምንም እማማ። ልኩ ትንሽ ነው።»

«አልገባም?»

«ይገባል!»

በዚያች ቅጽበት ምን እንደጠየቁኝ ገብቶኛል። ስለ እስፒከር አልነበረም። ሮጬ ቤት ገባሁ፣ ስስ ጣውላ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ዓይኔ የቁም ሳጥኑ ጀርባ ላይ አረፈ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አራቅሁ፣ የድስት ክዳን አስደግፌ በእርሳስ ክብ ሳልኩ፣ በመጋዝ ቆረጥኩ፤ ሁለት ቀለበት የሚሆን ጣውላ ይዤ ስወጣ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ነበር። እጄን አየች፣ ወደ ውስጥ አየች። ሌላ ቀን ቢሆን ሦስት ቀን የሚበቃኝ ንግግር ነበራት። ያን ቀን «ፍጠን» ብቻ አለች።

ቀለበቶቹ ልክ ገቡ። በብሎን አጠበቅኳቸው፣ እስፒከሮቹን በላያቸው አሰርኩ፣ ሽቦውን ከሽቦ ጋር ጠምዝዤ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ፀሐይ ወደ ተራራው በኩል ስታዘነብል ሥራው አለቀ። እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ።

እዚህ ላይ ተንኮሌን ልናገር። ለሙከራ የመረጥኩት ካሴት የበገና ነበር። በገና ሲፈጠርም ይንዘረዘራል፤ እስፒከሩ ቢበላሽብኝ እንኳ ማን ይለየዋል ብዬ ነው። ገና መደርደር እንደጀመረ አማቴ እጃቸውን አነሱ።

«በገናውን አውጣው። በገናማ ድሮም እንዲሁ ነው። የሰው ድምፅ አሰማኝ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ካሴቱን አውጥቼ ሬዲዮ ከፈትኩ። ዜና አንባቢ ነው፤ ጥርት ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ፣ ጉንፋኑ የለቀቀው። ባለቤቴ ልታጨበጭብ እጇን አነሣች። እኔም ደረቴን ነፋሁ። አማቴ ግን በርጩማቸውን ሳብ አድርገው በሁለቱ ክፍት በሮች ፊት ለፊት ተቀመጡና ራሳቸውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አዘነበሉ።

«ይህ ሰው ሆድ የለውም» አሉ።

«ዜና አንባቢው?»

«ድምፁ ሆድ የለውም። አንዱ ወዲያ ይስበዋል፣ አንዱ ወዲህ። መሃል ላይ ሰው የለም።» ፊታቸው ጠቆረ። «ሁለቱ ተጣልተዋል። አልዳነም።» ለመነሣት መሬቱን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

ባለቤቴ እኔን አየችኝ። ከዚያን ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«ይቀመጡ!» አልኩ። አማቴን ቆጣ ብዬ ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። «ሐኪም ሳይጨርስ አይነሡም።» ከዚያ አሰብኩ። ቀኝና ግራ ተጣልተዋል። እስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አለው፤ አንዱ ከተገለበጠ አንደኛው ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ የአንዱን ጉልበት ሌላው ይበላዋል። መነጽሬን ቤት ትቼ ነበር የሠራሁት፤ ለምን እንደተውኩት አትጠይቁኝ፣ ወጣት ለመምሰል ነው። አስመጣሁና የግራውን በር ፈታሁ። እውነትም ባለ መስመሩን ሽቦ ከማይገባው ጋር አጋብቼዋለሁ። አፋታኋቸው፣ ከየትዳራቸው ጋር መለስኳቸው፣ ሬዲዮውን ከፈትኩ።

ዜና አንባቢው መጥቶ መሃል ላይ ቁጭ አለ። ወፍራም፣ ምሳውን የበላ ሰው። እኔ ራሴ ደንግጬ ሞተሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ካለ ብዬ አየሁ።

አማቴ አዳመጡ። ዜናው አልቆ የአየር ሁኔታ መጣ፤ እሱንም አዳመጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን እጅ ፈለጉና ያዙ።

«ታርቀዋል» አሉ። «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?»

ሽማግሌው ወንድማቸው ተነሥተው ሳሩን መኪናዋ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር አኖሩት፤ በዚያ ቀን ሲስቁ በግልጽ ያየኋቸው ያኔ ነው።

በማግሥቱ ሆስፒታል በር ላይ አማቴ አንድ ጊዜ ቆም አሉ። እኔ ዝም አልኩ፤ ለኔ ዝም ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ራሳቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ከነርሷ ጋር ገቡ። ፋሻው በነጋታው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት የልጃቸውን ፊት ነው። በጣታቸው ግን አልነኩትም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ብቻ አዩት፣ አዩት። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ይህ ሽማግሌ ማን ነው?» አሉ። ቀልድ ይሁን የምራቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ባለቤቴን ብጠይቃት ትስቃለች።

ሐኪሞቹ ከፈቀዱላቸው በኋላ ወደ ጨንቻ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ጥቁር መነጽር አድርገው፣ በዚያች እግር በሌላት ወንበር ላይ ወርደው ተቀመጡ። መኪናዋን ከውጭ ሲያዩ «ይህ ነው?» ብቻ ነው ያሉት፤ እኔም አልተከራከርኩም። ዳገቱን እንደያዝን እጄ ወደ ቴፑ ሄደ። ይህን ያህል ለፍቼ፣ ቁም ሳጥን በስቼ፣ ያስተካከልኩት ድምፅ ነው፤ እንዴት አልከፍተው? ዘፈኑ ጥርት ብሎ መኪናዋን ሞላት። ከኛ በታች አባያ ቀይ ሆኖ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ተኝተዋል፤ በመሃላቸው የእግዜር ድልድይ አረንጓዴውን ዘርግቷል። አማቴ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈዋል።

«እንዴት ነው ድምፁ፣ እማማ?» አልኳቸው።

ሳይዞሩ እጃቸውን አወዛወዙብኝ።

«ዝም አስብለው» አሉ። «እያየሁ ነው።»

ዘጋሁት።